«ሪል» ሲሉ ከምን ለይተው ነው?

በማኅበራዊ ሚዲያ አንድ ጉድ የሚያሰኝ ፎቶ ወይም ቪዲዮ በተለቀቀ ቁጥር ከሥሩ የማይቀር አስተያየት አለ፤ «ይሄ ሪል ነው?» መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ከሚል ቃል የሚዘል አይመስልም። ዳሩ ግን አንዱ አዎ፣ ሌላው አይደለም ሲሉ ተሟግተው ሁለቱም ልክ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ካሜራው ፊቱ የነበረውን ነገር ነው ያነሳው፤ አዎ ያለው አልተሳሳተም። ፎቶው ግን ዛሬ ሆነ ከተባለው ነገር ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ከስድስት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ የተነሳ ነው፤ አይደለም ያለውም አልተሳሳተም። ጠቡን ያመጣው ቃሉ ነው።

ይህ የእንግሊዝኛ ቅጽል አማርኛ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ሪል እስቴት እንላለን፣ ሪል ታይም እንላለን፣ ወጣቶቹ ደግሞ «ሪል ነው» ብለው ሰው ያመሰግኑበታል። መዝገበ ቃላት የሚሰጠን ፍቺ አብዛኛውን ጊዜ «እውነተኛ» የሚል ነው። ፍቺው ሐሰት ባይሆንም ለብዙው አገባብ አይበቃም። ሪል እስቴት «እውነተኛ ንብረት» ከሆነ መኪና የውሸት ንብረት ሊሆን ነው? ሪል ቁጥሮች እውነተኞች ከሆኑስ የቀሩት ቁጥሮች ይዋሻሉ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥሩ «ነገር» ነው

የቃሉ ሥር የላቲኑ «ሬስ» ነው፤ ነገር ማለት ነው። ይህን ቃል አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ ይረዳዋል። የእኛ «ነገር» የሚጨበጥ ዕቃም ነው፣ ጉዳይም ነው፣ ሙግትም ነው፤ ነገር ፈላጊ የምንለው ሰው ዕቃ የጠፋበት አይደለም፣ ነገረ ፈጅም የሚቆመው ለክርክር ነው። ሬስም እንዲሁ ነበር። ዕቃው፣ ሀብቱ፣ ጉዳዩ፣ ፍርድ ፊት የቀረበው ክስ ሁሉ በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። «ሬስ ፑብሊካ» ማለትም የሕዝብ ጉዳይ፣ ሪፐብሊክ የሚለውን ቃል ወልዷል።

ከሬስ «ሬአሊስ» የሚል ቅጽል የወጣው ዘግይቶ፣ በኋለኛው የላቲን ዘመን ነው፤ «ነገርን የሚመለከት» ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲሰፍር በብዛት የተገለገሉበት የሕግ ሰዎችና የነገረ መለኮት ሊቃውንት ነበሩ። ዛሬ ከምንሰማው ቅኝት ይልቅ «ሪል እስቴት» ውስጥ የቀረው ትርጉም ለሥሩ ይቀርባል።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ የሕግ መምህር ጋይዮስ ሕግን በሦስት ከፍሎ ያስተምር ነበር፤ ስለ ሰዎች፣ ስለ ነገሮች፣ ስለ ክሶች። ክሶቹም ሁለት ወገን ነበሩ። «አበድሬው አልመለሰልኝም» የሚለው በሰው ላይ የሚቀርብ ክስ ነው፤ «ይህ መሬት የእኔ ነው» የሚለው ደግሞ በነገሩ ላይ። የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሕግ እነዚህን ቃላት ወስዶ በራሱ ልክ ሰፋቸው። ርስቱን የተነጠቀ ሰው ሲረታ መሬቱ ራሱ ይመለስለታል፤ ይህ ሪል ክስ ተባለ። ሌላ ዕቃ የተወሰደበት ሰው ሲረታ ግን ተከሳሹ የዕቃውን ግምት ከፍሎ ሊገላገል ይችላል፤ ይህ ፐርሰናል ክስ ሆነ። በጊዜ ብዛት ስሙ ከክሱ ወደ ንብረቱ ተሻገረና መሬትና መሬት ላይ የተተከለው ሁሉ ሪል፣ የቀረው ሁሉ ፐርሰናል ንብረት ተባለ። «ሪል እስቴት» የሚለው ጥምረት በ1660ዎቹ በጽሑፍ ይገኛል። እንግዲህ እዚህ የሪል ተቃራኒ ሐሰተኛ አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ ነው። የአማርኛ የሕግ ቋንቋ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» ብሎ ማለፉ በጣም የተዋጣ ትርጉም ነው፤ ቃሉን ትቶ ንጽጽሩን ተረጎመ።

ክፍፍሉ ከአመክንዮ ይልቅ ከፍርድ ቤት ታሪክ የመጣ ለመሆኑ ማስረጃው የኪራይ መብት ነው። ለረጅም ዓመታት መሬት የተከራየ ሰው መብቱ መሬት ላይ ቢሆንም በእንግሊዝ ሕግ ፐርሰናል ንብረት ተደርጎ ተቆጠረ፤ ምክንያቱም በጥንቱ ሥርዓት ተከራይ ሲባረር ካሣ እንጂ መሬቱን አያስመልስም ነበር። ኋላ ላይ መሬቱን ራሱን ማስመለስ ሲፈቀድለትም ስያሜው ሳይለወጥ ቀረ።

ይህ የጥንት ክፍፍል በዛሬ የቤት ሽያጭም ገንዘብ ያስወጣል። ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ ቁም ሣጥን ከቤቱ ጋር ተሸጧል ወይስ ሻጩ ነቅሎ ይወስደዋል? በዚህ ሥርዓት የሚዳኙ ፍርድ ቤቶች በዋናነት ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ ዕቃው ምን ያህል ጠብቆ ተያይዟል፣ ሲያያዝስ ለምን ዓላማ ነበር? ለቤቱ ዘላቂ ማሻሻያ ተብሎ የተሠራው ሪል ይሆናል፤ ዕቃውን በዕቃነቱ ለመገልገል ሲባል ለጊዜው የታሰረው ፐርሰናል ሆኖ ይቀራል። ክርክር የሚነሳው መሀል በሚወድቁት ዕቃዎች፣ በመጋረጃ ዘንግ፣ በመብራት፣ በምድጃ ላይ ስለሆነ ውል ላይ በስም መዘርዘሩ ያዋጣል።

ስማቸው የገጠመ እንግዶች

ወደፊት ከመሄዳችን በፊት በፊደላችን ስንጽፋቸው ከዚህ ቃል ጋር የሚምታቱ ሁለት ቃላትን እናውጣ። የመጀመሪያው የኳስ ወዳጆች ቃል ነው። የሪያል ማድሪድ «ሪያል» እውነተኛ ማለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በ1902 የተመሠረተው ክለብ ማዕረጉን ያገኘው በ1920 ከንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ሲሆን ትርጉሙም «ንጉሣዊ» ነው፤ ሥሩ «ሬክስ»፣ ንጉሥ። በስፔንኛ ከሬስ የመጣውና ከሬክስ የመጣው ሁለቱም «ሬያል» ሆነው ስለገጠሙ ነው የተምታቱት። በ1931 ስፔን ሪፐብሊክ ስትሆን ክለቡ ማዕረጉን አጣ። የሬስ ልጅ የሬክስን ልጅ አባረረው ማለት ነው። ንጉሣዊው «ሬያል» የስፔን ሳንቲምም ስም ነበርና የሳዑዲው፣ የየመኑ፣ የኦማኑና የኢራኑ ገንዘብ ስያሜ ከእሱ የመጣ ነው።

ሁለተኛው የአጫጭር ቪዲዮዎቹ «ሪልስ» ነው። ይህ የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ክር የሚጠቀለልበትን እንዝርት መሰል ነገር ይጠራበት ነበር፤ ከክር ወደ ፊልም ጥቅልል፣ ከፊልም ጥቅልል ወደ ስልካችን መጣ። በአማርኛ ሁለቱንም «ሪል» ብለን ስለምንጽፍ «የሪል ቪዲዮ» የሚለው አባባል የትኛውን እንደሚል የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው።

ከፊት የሚሄደው አሉታው ነው

የቃሉን ጠባይ ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ላንግሾው ኦስቲን (1911–1960) ይመስለናል። ብዙ ቅጽሎች መጀመሪያ አዎንታ አላቸው፤ አሉታው ከዚያ ይወጣል። «ቀይ» ምን እንደሆነ ካወቅን «ቀይ ያልሆነ»ን እናውቃለን። ሪል ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሪል አበባ ሲሉን ስለ አበባው የሚጨመርልን መልክም ሽታም የለም፤ የምንረዳው ፕላስቲክ አለመሆኑን፣ ወይም ሥዕል አለመሆኑን፣ ወይም ሕልም አለመሆኑን ነው። ከእነዚህ የትኛውን እንደሚከለክል ካላወቅን አንዳች ነገር አልተነገረንም።

ኦስቲን ያነሳው ሌላው ነጥብ ቃሉ ያለ ስም መቆም እንደማይችል ነው። «ይሄ ሪል ነው?» የሚል ሰው «ሪል ምን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ለፊልም የተሠራ ሽጉጥ ሪል ሽጉጥ አይደለም፤ የፊልም ዕቃነቱ ግን ሪል ነው። አንድ ነገር በአንድ ስም ሪል፣ በሌላ ስም ሪል ያልሆነ ይሆናል።

የዚህን ጥቅም በገንዘብ የሚያሳየው የአልማዝ ገበያ ነው። በላቦራቶሪ የተሠራ አልማዝ ሪል አልማዝ ነው? ጄኔራል ኤሌክትሪክ ደጋግሞ ሊሠራ የሚችል ሰው ሠራሽ አልማዝ ያገኘው በ1954 ሲሆን ውጤቱ ከመሬት እንደወጣው ሁሉ የካርቦን ክሪስታል ነው፤ ጥንካሬውም ያው ነው። ዚርኮንያ የሚባለው አንጸባራቂ ድንጋይ ግን የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ነው፤ አልማዝ ይመስላል እንጂ አይደለም። ስለዚህ «ሪል» ከአስመሳይ ለመለየት ከሆነ የላቦራቶሪው ሪል ነው፤ ከማዕድን ካልወጣ ለመለየት ከሆነ አይደለም። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 ባሻሻለው የጌጣጌጥ መመሪያ ከአልማዝ ፍቺ ውስጥ «የተፈጥሮ» የሚለውን ቃል ያወጣው ይኼው ጥያቄ ገፍቶት ነው።

መሣሪያዎቹም እንደ ጥያቄው ይለያያሉ። ጌጥ ሻጮች እጅ ያለው በሙቀት የሚሠራ ትንሽ መፈተሻ ድንጋዩ ሙቀት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያስተላልፍ ይለካል። ዚርኮንያን ወዲያው ያጋልጣል። ሞይሳናይት የሚባለው ድንጋይ ግን ሙቀት በደንብ ስለሚያስተላልፍ ይህን መፈተሻ ያታልላል፤ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍን የሚለካ ሌላ ፍተሻ ያስፈልገዋል። የላቦራቶሪውንና የማዕድኑን አልማዝ ደግሞ የሙቀት መፈተሻው አይለያቸውም፤ ለእሱ ድንጋዩ ብርሃንን እንዴት እንደሚውጥና እንደሚያበራ የሚመረምር የላቦራቶሪ መሣሪያ ይጠይቃል። መፈተሻው አረንጓዴ ስላሳየ ብቻ «ሪል ነው» ተብሎ የሚከፍል ሰው የሚከስረው መሣሪያው ተሳስቶ ሳይሆን መሣሪያው የመለሰው ጥያቄ የእሱ ጥያቄ ስላልሆነ ነው።

ስምና ነገር

የኢኮኖሚ ዜና የሚያነብ ሰው «ሪል ደመወዝ»፣ «ሪል ወለድ»፣ «ሪል ዕድገት» የሚሉትን ሳይገናኝ አይቀርም። እዚህ ተቃራኒው «ኖሚናል» ነው፤ ከላቲኑ «ኖሜን»፣ ስም። ስለዚህ ክፍፍሉ ቃል በቃል በስምና በነገር መካከል ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጠራው ገንዘብ በአንድ በኩል፣ የሚገዛው ነገር በሌላ በኩል። ይህንኑ የቃላት ጥንድ የመካከለኛው ዘመን ፈላስፎችም ተማትተውበታል። «ሰውነት» ወይም «ፈረስነት» የሚባለው ወል ነገር በእርግጥ አለ ያሉት ሪያሊስቶች፣ ስም ብቻ ነው ያሉት ኖሚናሊስቶች ተባሉ። ዛሬ ሪያሊስት የምንለው እግሩ መሬት የረገጠን ሰው ስለሆነ የጥንቶቹን ስናነብ ግር ይለናል።

ስሌቱ ቀላል ሆኖ ሳለ በዜና ላይ ደጋግሞ ይበላሻል። ደመወዝ ከ10,000 ወደ 12,000 አደገ እንበል፤ 20 በመቶ ጭማሪ ነው። በዚያው ጊዜ ዋጋ 25 በመቶ ናረ። ብዙ ሰው 20 ሲቀነስ 25፣ ሪል ደመወዝ 5 በመቶ ወረደ ይላል። ትክክለኛው ግን ማካፈል ነው፤ 12,000 ለ1.25 ሲካፈል 9,600 ይሆናል። የወረደው 4 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ሲገዝፉ ግን መቀነሱ ወደ ቀልድ ይለወጣል። ደመወዝ በእጥፍ ቢያድግ፣ ማለትም 100 በመቶ፣ ዋጋ ደግሞ ሦስት እጥፍ ቢሆን፣ ማለትም በ200 በመቶ ቢጨምር፣ በመቀነስ ያሰላ ሰው ሪል ደመወዝ 100 በመቶ ጠፋ፣ ምንም አይገዛም ሊል ነው። በማካፈል ግን ሁለት ለሦስት ነው፤ የወረደው 33.3 በመቶ ገደማ ነው። በወለድም እንዲሁ ነው። 12 በመቶ ወለድ የሚከፍል ቁጠባ 20 በመቶ የዋጋ ንረት ባለበት ዓመት 1.12 ለ1.20 ሲካፈል 0.933 ይሰጣል፤ ቆጣቢው 6.7 በመቶ ገደማ የመግዛት አቅም አጥቷል። ይህን ግንኙነት በቀመር አስቀምጦ ያስፋፋው አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ኢርቪንግ ፊሸር ነው።

ሌላው ስሕተት የመነሻ ዓመቱን መዘንጋት ነው። ሪል አኃዝ ሁልጊዜ «በዚህ ዓመት ዋጋ» የሚል ጭራ አለው። በ2010 ዋጋ የተሰላን ምርት በ2015 ዋጋ ከተሰላ ጋር ማነጻጸር ኪሎና ፓውንድን እንደ መደመር ነው። የዋጋ መለኪያውም መነገር አለበት፤ የሸማቾች ዋጋ የሚለካውና የጠቅላላ ምርት ዋጋ የሚለካው አንድ አይደሉም። «ሪል» ተብሎ የመነሻ ዓመቱና የዋጋ መለኪያው ካልተጠቀሰ ቁጥሩ ገና ስም ነው።

ሒሳብ፣ መስታወት፣ ኮምፒውተር

በሒሳብ ቃሉ የመጣው ከስድብ በማይተናነስ ንጽጽር ነው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት በ1637 የእኩልታ መፍትሔዎችን ሲገልጽ አንዳንዴ ሪል፣ አንዳንዴ ምናባዊ ብቻ ናቸው አለ። እስከዚያ ድረስ የተለመዱት ቁጥሮች «ሪል» መባል የጀመሩት ሌሎቹ ምናባዊ ስለተባሉ ነው፤ አሉታው ቀደመ። የአሉታዊ ቁጥር ስኩዌር ሩት ዛሬ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስሌት ውስጥ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኖ ሳለ ስሙ እንደተለጠፈበት ቀረ። የኮምፒውተር ቋንቋዎች፣ ፎርትራንን ጨምሮ፣ ነጥብ ላለው ቁጥር «ሪል» የሚል ስም ሰጡ፤ ይህ ግን ደፋር ስም ነው። 0.1 በሁለትዮሽ አጻጻፍ ማለቂያ የለውም፤ ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ለዚህ ነው በተለመደው 64 ቢት አቀማመጥ 0.1 ሲደመር 0.2 የሚሰጠው 0.30000000000000004 የሆነው። ሒሳብ ሠራተኛ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ገንዘብን በዚህ ዓይነት ካስቀመጠ ሳንቲሞች ቀስ በቀስ አልገጥም ይሉታል፤ በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ ይሻላል።

በብርሃን ትምህርት የሪል ተቃራኒ «ቨርቹዋል» ነው፤ ልዩነቱም በወረቀት ይፈተናል። የትኩረት ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎድጓዳ መስታወት ፊት ሻማ በ30 ሴንቲ ሜትር ብታስቀምጡ ምስሉ ከመስታወቱ ፊት በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ወረቀት ቢያዝ ተገልብጦ ይታያል። ይህ ሪል ምስል ነው። ሻማውን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ብታቀርቡት ምስሉ በእጥፍ ገዝፎ ከመስታወቱ ኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ይመስላል፤ እዚያ ወረቀት ቢያዝ ግን ምንም አይወድቅበትም፣ ብርሃኑ እዚያ አልደረሰምና። ሆኖም ማንም ሰው ፊቱን የሚላጨው ቨርቹዋል ምስል እያየ ነው፤ አይቶ ይላጭበታል።

ቨርቹዋል የሚለውም ራሱ ታሪክ አለው። ከላቲኑ «ቪርቱስ»፣ ኃይል፣ ወንድነት፣ የመጣ ሲሆን «መልኩ ባይኖርም ኃይሉ ያለ» ማለት ነበር። በ1962 ሥራ የጀመረው የማንቸስተሩ አትላስ ኮምፒውተር ዛሬ ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚባለውን ዘዴ ሲጠቀም ማሽኑ ካለው ፈጣን ማኅደር የሚበልጥ ማኅደር ያለው ያህል ይሠራ ነበር። ሥራው የምር ነው፤ መልኩ ነው የተለየው። በአማርኛ «ምናባዊ» ብለን መተርጎማችን እዚህ ላይ ያሳስታል። ምናብ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ያለ ነው፤ በኮምፒውተር የተካሄደ ስብሰባ ግን ተካሂዷል፣ የተወሰነውም ጸንቷል። «ምናባዊ ስብሰባ» ያልነው ያልተደረገ ስብሰባ ይመስላል። በበይነ መረብ የተደረገ ማለት ይበቃል።

ሪል ታይም ደግሞ ፈጣን ማለት አይደለም፤ ማስታወቂያዎች ግን እንደዚያ አስመስለውታል። ትርጉሙ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ የግድ መልስ የሚሰጥ ነው። ቀነ ገደቡ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው እንበል። ሁልጊዜ በ9 ሚሊ ሰከንድ የሚመልስ ሥርዓት ሪል ታይም ነው። በአማካይ በ1 ሚሊ ሰከንድ እየመለሰ ከሺህ አንዴ 500 የሚፈጅበት ግን አይደለም፤ ያቺ አንዲት ጊዜ የመኪና ኤርባግ የሚፈነዳባት ቅጽበት ልትሆን ትችላለች። የሚለካው ከአማካዩ ይልቅ የከፋው ነው።

ሌላ ወጥመድ «አክቹዋል» ነው። በእንግሊዝኛ «በተግባር ያለ» ማለት ሲሆን፣ የፈረንሳይኛ፣ የጀርመንኛና የስፔንኛ ወንድሞቹ «የአሁን፣ ወቅታዊ» ማለት ናቸው። ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ ዜና «እውነተኛው ፕሬዚዳንት» ካለ «የአሁኑ ፕሬዚዳንት» መሆኑን መጠርጠር ነው።

ወደ ፎቶው እንመለስ

«ይሄ ሪል ነው?» የሚለው ጥያቄ በፎቶ ላይ ሲነሳ ቢያንስ አምስት ጥያቄ ተጠቅልሎበታል። ካሜራ ነው ያነሳው ወይስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፈጠረው? ከተነሳ በኋላ ተቆርጧል፣ ተቀጥሏል? የተባለው ቦታና ቀን ልክ ነው? ፊት ለፊት የሆነው ነገር ራሱ ሆነ ወይስ ተዘጋጅቶ ተተወነ? የለጠፈውስ ነኝ የሚለው ሰው ነው? የአንዱ መልስ ለሌላው አይሆንም። ፈረንሳዊው ኢፖሊት ባያር በ1840 ራሱን ውኃ የበላው ሬሳ አስመስሎ ፎቶ አነሳ። ከፎቶግራፍ ልደት ገና ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ካሜራው ሪል፣ ሬሳው የውሸት።

በልምድ ከሁሉ የሚበዛው ማታለያ ረቂቁ የአስተውሎት ሥራ አይደለም፤ የድሮ ፎቶ በአዲስ መግለጫ መለጠፍ ነው። ስለዚህ መጀመር ያለበት ከቀላሉ ነው። ምስሉን በምስል መፈለጊያ አስገብቶ ጥንታዊውን ቅጂ መፈለግ፤ የተገኘው ቅጂ ከተባለው ቀን የሚቀድም ከሆነ ፍለጋው እዚያው አለቀ። ካልተገኘ ወደ ቦታው መሄድ ነው፤ የማስታወቂያ ጽሑፍ፣ የታርጋ ቅርጽ፣ የተራራ ጠርዝ ከሳተላይት ካርታ ጋር ይመሳከራል፤ የጥላ አቅጣጫና ርዝመት ደግሞ ከተባለው ሰዓት ጋር። ጣት መቁጠር፣ ማለትም ስድስት ጣት ካለ ሐሰት ነው የሚለው ዘዴ፣ ጊዜው አልፎበታል፤ አዳዲሶቹ ሞዴሎች ጣት አይሳሳቱም ማለት ይቻላል። አስተውሎት የሠራውን ለመለየት የተሠሩ መፈተሻ ፕሮግራሞችም በተጨመቀና ደጋግሞ በተላለፈ ምስል ላይ ይደክማሉ፤ «87 በመቶ ሐሰት» የሚል መልሳቸው ፍርድ ሆኖ መወሰድ የለበትም።

ከሌላ አቅጣጫ የመጣው መፍትሔ ምስሉ ሲፈጠር ማኅተም ማድረግ ነው። አዶቢ፣ ማይክሮሶፍት፣ ቢቢሲ፣ ኢንቴል፣ አርምና ትሩፒክ በ2021 ያቋቋሙት ሲቱፒኤ የተባለ ጥምረት ያወጣው ደረጃ ምስሉ በምን መሣሪያ እንደተሠራና ምን ለውጥ እንደተደረገበት በምስጠራ ፊርማ አስሮ ከፋይሉ ጋር ያያይዛል። ጥቅም አለው፤ ሁለት ነገር ግን አያደርግም። የስክሪን ፎቶ ሲነሳ ወይም ፋይሉን አጥቦ በሚያሳልፍ መተግበሪያ ሲላክ ማኅተሙ ይወልቃል፤ ስለዚህ ማኅተም አለመኖሩ የሐሰት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ደግሞም ማኅተሙ የሚመሰክረው ስለ ምንጩ ነው፤ በሐቀኛ ካሜራ የተነሳን ድራማ ድራማ ነው ብሎ አያጋልጥም።

«ያልተነካ ፎቶ» የሚለው መስፈርትም ከእጃችን እየሾለከ ነው። የዘመኑ ስልክ አንዴ ስንጫነው ብዙ ጊዜ ተከታታይ ምስሎችን ወስዶ ያዋሕዳል፤ ጨለማውን ያነጣል፣ ብርሃኑን ያቀዘቅዛል። የምናየው ምስል በአንድ ቅጽበት የነበረ አይደለም። እንግዲህ ሪል ፎቶ ስንል «ያልተቀናበረ» ማለታችን ከሆነ በስልክ የተነሳ ሪል ፎቶ የለም ማለት ይቻላል፤ «የሌለ ነገር ያልተጨመረበት» ማለታችን ከሆነ ግን ብዙ አለ። የትኛውን እንደሚሉ ሳይናገሩ የሚወጡ የምስል ውድድር ደንቦች ጠብ ማስነሳታቸው አይቀርም።

ጉዳቱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የሕግ ምሁራኑ ሮበርት ቼስኒና ዳንየል ሲትሮን «የውሸታም ትርፍ» ያሉት ነገር አለ፤ ሐሰተኛ ቪዲዮ መኖሩ በታወቀ ቁጥር በካሜራ የተያዘ ጥፋተኛም «አስተውሎት ነው የሠራው» ብሎ ማምለጫ ያገኛል። እዚህ ላይ ማስረጃ የሚጠየቅበት ሰው ይገለበጣል፤ «ሪል አይደለም» የሚለውም ከአምስቱ በየትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ከአንድ ቃል ብዙ ቃል

አማርኛ ይህን ሁሉ ሸክም አንድ ቃል ላይ አልጫነም። ከቀልድ ለመለየት «የምር» እንላለን፤ ከሕልም ለመለየት «በእውን»፤ ከእንጀራ አባት ለመለየት «ወላጅ አባት»፤ ከአስመሳይ ዕቃ ለመለየት «ኦርጅናል»፤ ከምሳሌ ለመለየት በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ «አማናዊ»፤ ከተደበቀው ለመለየት «ገሃድ»። እንግሊዝኛው «ሪል ሌባ» የሚለውን «እውነተኛ ሌባ» ብንለው ሐቀኛ ሌባ ይመስላል፤ አማርኛው «ደንበኛ ሌባ» ነው። ለሬስ ሥር የሚቀርበው ደግሞ «ተጨባጭ» ነው፤ ጨበጠ ከሚለው ግሥ የወጣ፣ እጅ ውስጥ የሚገባ ነገር። ተርጓሚ «ሪል» ሲገጥመው «እውነተኛ» ብሎ ከመሮጡ በፊት ተቃራኒውን ቢጽፍ፣ ከእነዚህ አንዱ ራሱ ይመጣል። ተቃራኒው ካልተገኘም ቃሉ እዚያ አረፍተ ነገር ውስጥ የሚሠራው ሥራ ስለሌለ ዝም ብሎ መዝለል ይቻላል። «ሪል ችግር አለ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ «ችግር አለ» ነው።

የኋለኛው ባዶነት እየበዛ ነው። «ሪሊ» የሚለው ተውሳከ ግሥ ዛሬ በአብዛኛው «በጣም» ማለት ብቻ ሆኗል፤ «ሪሊ ጥሩ» የሚል ሰው ከሐሰተኛ ጥሩ እየለየ አይደለም። ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት የ2016ን ቃል «ሰሪያል» (ሕልም መሰል)፣ የ2023ን ደግሞ «ኦተንቲክ» (ያልተመሳሰለ፣ ኦርጅናል) ብሎ መምረጡ ሰዎች ስለ እውንነት የሚያወሩበት ሌላ ቃል እየፈለጉ እንደሆነ ያሳያል። እንግሊዝኛ ይህን መንገድ ከዚህ በፊት ሄዶበታል። ዛሬ «በጣም» የሚባልበት «ቬሪ» ከጥንት ፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን ሥሩ የላቲኑ «ቬሩስ» ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ትርጉሙ «እውነተኛ» ነበር።